ቲቶ ሚኒቲ ብቻውን አይታወስ፦ ለሬጆ ካላብሪያ ከተማ ግልጽ ደብዳቤ

ለሬጆ ካላብሪያ ከተማ ምክር ቤት
ለቲቶ ሚኒቲ አውሮፕላን ማረፊያ አስተዳደር
ጣሊያን

ጉዳዩ፦ በአውሮፕላን ማረፊያው በመልካ ዲዳ የቀይ መስቀል ሆስፒታል ለሞቱት መታሰቢያ እንዲቆም ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልን።

የምጽፍላችሁ ከአዲስ አበባ ነው። በአማርኛ የጻፍኩት ደብዳቤው ለእናንተ ብቻ ስላልሆነ ነው። የአገሬ ሰውም እንዲያነበው እፈልጋለሁ። ተርጓሚ አታጡም፤ በሮምም በሚላንም አማርኛ ተናጋሪ ሞልቷል።

ነገሩ የአንድ ስም ነገር ነው። በሜሲና የባሕር ሰርጥ ዳር፣ ሲሲሊን ፊት ለፊት እያየ የተቀመጠው አውሮፕላን ማረፊያችሁ በቲቶ ሚኒቲ ስም ይጠራል። እዚያ ከሚሳፈረው ሰው አብዛኛው ሚኒቲ ማን እንደነበረ ሳያውቅ ሻንጣውን እየጎተተ ያልፋል ብዬ እገምታለሁ። አልፈርድበትም። እኛም ጋ በየአደባባዩ ስሙን እየጠራን ታክሲ የምንይዝበት፣ ታሪኩን ግን የማናውቀው ሰው ብዙ ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፦ የእናንተ ሰው የሞተው እኛ ቤት ነው።

ለአገሬ አንባቢ ላስተዋውቀው። ቲቶ ሚኒቲ በእነሱ አቆጣጠር በ1909 ፕላካኒካ በምትባል የካላብሪያ መንደር ተወለደ። ሬጆንና ሜሲናን ያወደመው ታላቁ የመሬት መንቀጥቀጥ የደረሰው ዲሴምበር 28 ቀን 1908 ነው። ስለዚህ ልጁ የተወለደው አካባቢው ገና ሙታኑን እያለቀሰ ባለበት ዘመን ነው። አደገ፣ የጣሊያን አየር ኃይል አብራሪ ሆነ፣ የምክትል መቶ አለቃነት ማዕረግ አገኘ። ከዚያ ወደ ሶማሊያ ግንባር ተላከ። የግንባሩ አዛዥ ሮዶልፎ ግራዚያኒ ነበር። ስሙን ለሐበሻ አንባቢ ማብራራት አይጠበቅብኝም።

ታኅሣሥ 16 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ በእናንተ ዲሴምበር 26 ቀን 1935፣ ሚኒቲ ኦጋዴን ውስጥ በደጋሃቡር አካባቢ ይበር ነበር። አብሮት ሊቪዮ ዛኖኒ የሚባል ባልደረባው ነበር። አውሮፕላናቸው በግድ መሬት አረፈ። ሁለቱም እዚያው ሞቱ። የጣሊያን መንግሥት ተማርከው፣ ተሠቃይተው፣ አንገታቸው ተቆረጠ ብሎ ለዓለም አሰራጨ። ስለ አሟሟታቸው የሚነገረው ግን አንድ ዓይነት አይደለም፤ እስከ መጨረሻው ሲዋጉ ነው የሞቱት የሚልም አለ። ለሚኒቲ ከሞተ በኋላ የወርቅ የጀግንነት ሜዳሊያ ተሰጠው። የትውልድ አካባቢውም ማረፊያውን በስሙ ጠራ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልሸፋፍን ልናገር። እጁን የሰጠ ሰው ተገድሎ ከሆነ ነውር ነው፤ ወንጀልም ነው። ገዳዩ የኔ ወገን ስለሆነ አላለባብሰውም። የምርኮኛ ደም በእኛም ባህል የሚያስመሰግን ነገር አይደለም። አጼ ምኒልክ ከአድዋ ድል በኋላ የጣሊያን ምርኮኞችን በሕይወት አቆይተው ወደ አገራቸው መልሰዋል። የሚኒቲ እናት ልጇን አጣች። ለእናት የጦርነቱ ምክንያት ምን ይሠራላታል? ኀዘኗን አከብራለሁ።

ግን ደጋሃቡር በዚያ ሰሞን ምን ትመስል እንደነበርም መነገር አለበት።

ጣሊያን ጦርነት ሳታውጅ ድንበር የተሻገረችው መስከረም 22 ቀን 1928 ነው። በዚያው ዕለት አድዋና አዲግራት ከአየር ተደበደቡ። በኦጋዴን በኩል ደግሞ ቆራሄ ነበረች። ደጃዝማች አፈወርቅ ወልደ ሰማያት ምሽጋቸውን ይዘው የሞቱት በጥቅምት ወር እዚያ ነው። በቦምብ ቆሰሉ። ወደ ኋላ ሄደው ይታከሙ ቢባሉ እምቢ አሉ። ቁስሉ ገደላቸው። ጦሩም አዛዡን ሲያጣ ቆራሄን ለቀቀ። ደጋሃቡርም በተራዋ ቦምብ ይዘንብባት ጀመር። እዚያ ከኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ጋር ይሠራ የነበረ አንድ አሜሪካዊ ሐኪም ነበር፤ ዶክተር ሮበርት ሆክማን ይባላል። ያልፈነዱ የጣሊያን ቦምቦችን ሰው እንዳይጎዱ ያከሽፍ ነበር። አንዱ እጁ ላይ ፈንድቶ ገደለው። ይህ የሆነው ሚኒቲ ከመሞቱ ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ነው። እንግዲህ ያ አውሮፕላን ሲያርፍ ከታች የጠበቀው ሰው ምን ሲወርድበት እንደከረመ አስቡት። ሰበብ ልሰጠው አይደለም። ቦታው ባዶ በረሃ እንዳልነበረ ለማሳየት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሚኒቲ ከሞተ ከአራት ቀን በኋላ የሆነውን ነው የምነግራችሁ።

በደቡብ፣ በዶሎ በኩል፣ ራስ ደስታ ዳምጠው ጦራቸውን ይዘው በገናሌ ወንዝ ዳር ሰፍረው ነበር። ከጦሩ ጋር የስዊድን ቀይ መስቀል የመስክ ሆስፒታል አለ። ቦታው መልካ ዲዳ ይባላል። የሆስፒታሉ መሪ ዶክተር ፍሪደ ሂላንደር ነበሩ። ድንኳን ተክለው፣ የቀይ መስቀል ባንዲራ ዘርግተው የቆሰለ ያክማሉ። ከደጋሃቡር እስከዚያ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ነው። ጦሩ ሌላ፣ አዛዡ ሌላ፣ ግንባሩም ሌላ። በመልካ ዲዳ ድንኳን ውስጥ የተኛ ቁስለኛ ቲቶ ሚኒቲ የሚባል ሰው መፈጠሩንም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ታኅሣሥ 20 ቀን 1928፣ ዲሴምበር 30 ቀን 1935፣ የታኅሣሥ ገብርኤል ማግሥት ነው። የግራዚያኒ አውሮፕላኖች መጡ። በራሪ ወረቀትም በተኑ። አብራሪያችንን አንገቱን ቆርጣችኋል፣ ዋጋችሁን ታገኛላችሁ ነው የወረቀቱ ፍሬ ነገር። ፈራሚው ግራዚያኒ ነው። ቦምቡ ሆስፒታሉ ላይ ወረደ። አልጋ ላይ የነበሩ ቁስለኞች አለቁ። ጉናር ሉንድስትረም የሚባል ስዊድናዊ የሕክምና ሠራተኛ ሞተ። ዶክተር ሂላንደር ራሳቸው ቆሰሉ።

ስዊድን ጮኸች። ጣሊያን ደግሞ የቀይ መስቀል ምልክት ያለ አግባብ እየተሠራበት ነው፣ የተወሰደው እርምጃም ለአብራሪያችን አገዳደል አጸፋ ነው ብላ ተከራከረች። እንግዲህ የሚኒቲ ስም የገባው እዚህ ላይ ነው። ጀግና ተብሎ ብቻ አልነበረም፤ ሰበብም ሆኖ ነው።

ጋዙም የዚያው ሞት አጸፋ ነው ይባል ነበር። ሰበብ ያልኩት በስሜት አይደለም። ቀኖቹን ብቻ በቅደም ተከተል አስቀምጧቸው።

ሙሶሊኒ ግራዚያኒን በጋዝ እንዲጠቀም በቴሌግራም የፈቀደለት ኦክቶበር 27 ቀን 1935 ነው። ሚኒቲ ያኔ በሕይወት ነበር። በሰሜን፣ በተከዜ በኩል፣ የመርዝ ጋዝ በራስ እምሩ ጦር ላይ የወረደው ዲሴምበር 22 እና 23 ነው። ሚኒቲ አሁንም በሕይወት አለ። ራስ እምሩ ያንን ጠዋት ከብዙ ዓመት በኋላ ሲያስታውሱ፣ ከአውሮፕላን የወረደው ነገር እንደ ወትሮው አልፈነዳም ይላሉ። በርሜል የመሰለ ነገር መሬት ሲነካ ይሰበራል። ቀለም የሌለው ፈሳሽ ይረጫል። የነካው ሰው እጁ፣ እግሩ፣ ፊቱ ይቆስላል። ሰው እያቃሰተ ወደ ወንዙ ይሮጣል፣ ከወንዙም ይጠጣል። ጦሩን ሲመራ የኖረ ሰው ምን ብሎ እንደሚያዝ ግራ ገባው።

ሚኒቲ የሞተው ዲሴምበር 26 ነው። በሁለተኛው ቀን፣ ዲሴምበር 28፣ ሙሶሊኒ ለሰሜኑ ግንባር አዛዥ ለባዶሊዮ ጋዝን በስፋት እንዲጠቀም ፈቀደ። ዲሴምበር 30 መልካ ዲዳ ተደበደበ።

ስለዚህ ጋዙ ለሚኒቲ ሞት የተሰጠ አጸፋ ሊሆን አይችልም። ፈቃዱ ከሁለት ወር በፊት ተሰጥቷል። መርዙ ከጣሊያን ተጭኖ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ መጋዘን ገብቶ ነበር። ሲ 500 ቲ የሚባለው ቦምብ ከ200 ኪሎ በላይ የሰናፍጭ ጋዝ ይይዛል። ከመሬት 250 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ እንዲፈነዳ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ፈሳሹ ሰፊ ቦታ ላይ እንዲዘንብ። እንዲህ ያለ ነገር በአራት ቀን ንዴት አይሠራም። ጣሊያን ይህን መሣሪያ የሚከለክለውን የ1925ቱን የጄኔቫ ስምምነት በ1928 አጽድቃም ነበር። በእናንተ አቆጣጠር ማለቴ ነው። ቀደም ብሎ የተወሰነ ነገር ነበር፤ የጎደለው ለዓለም የሚነገር ምክንያት ብቻ ነው። የፕላካኒካው ልጅ ሞቶ ሲገኝ ምክንያቱ ተገኘ።

እኔን የሚከነክነኝ ይህ ነው። ግራዚያኒ እኛን በቦምብ መታን፤ የእናንተን ልጅ ደግሞ ሬሳውን ሳይቀር ለራሱ ተገለገለበት። ሜዳሊያውም ስያሜውም ከዚያው ታሪክ የተቀዱ ናቸው። ከዘጠና ዓመት በኋላም ስሙ ያለ ምንም ማብራሪያ ብቻውን ሲቆም፣ ያኔ የተበተነው ወረቀት እስከ ዛሬ ይነበባል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ከእኛ ወገን ታሪክ ይዤ ብቻ አይደለም። የእናንተው የታሪክ ጸሐፊ አንጄሎ ዴል ቦካ ቴሌግራሞቹን ከመዝገብ ቤት እያወጣ ዕድሜውን ሙሉ ጽፏል። ብዙ ተሰድቦበታል። የእናንተው የመከላከያ ሚኒስትር ዶሜኒኮ ኮርቺዮኔ በእናንተ አቆጣጠር በ1996 ጋዝ በኢትዮጵያ መጣሉን በመንግሥት ስም አምነዋል። በወጣትነቱ እዚህ የዘመተው ስመ ጥር ጋዜጠኛችሁ ኢንድሮ ሞንታኔሊም ለአሥርተ ዓመታት ሲክድ ኖሮ በዚያን ጊዜ ስህተቱን አምኗል። ፕሬዚዳንታችሁ ኦስካር ሉዊጂ ስካልፋሮ በ1997 አዲስ አበባ መጥተው በቅኝ ግዛት ጦርነቱ መጸጸታቸውን ተናግረዋል። ሮም ያመነችውን የሬጆ ማረፊያ ግድግዳ የማይናገርበት ምክንያት አይታየኝም።

የእኛ አንባቢዎች እዚህ ላይ እንደሚቆጡ አውቃለሁ። ምን ማብራሪያ ያስፈልገዋል፣ ስሙን አውርዱት አትልም ወይ የሚል አይጠፋም። ሐሳቡ ገብቶኛል። ሮም ውስጥ፣ በዚያው ጦርነት ብዙ ኢትዮጵያውያን ባለቁበት ተራራ ስም፣ አምባ አራዳም ሊባል የታሰበ አዲስ የምድር ባቡር ጣቢያ ነበር። አምባ አራዳም ላይ የሆነውን የሚያውቅ ሰው በዚያ ስም ባቡር ሲሳፈር ምን ይሰማዋል? በእናንተ አቆጣጠር በ2020 የከተማዋ ምክር ቤት ጣቢያው በጆርጆ ማሪንኮላ ስም እንዲጠራ የውሳኔ ሐሳብ አጸደቀ። ማሪንኮላ ከሶማሊያዊት እናት የተወለደ፣ ፋሺስቶችንና ናዚዎችን ሲዋጋ የሞተ ወጣት ነው። በስተመጨረሻ ጣቢያው ፖርታ ሜትሮኒያ ተባለ። የማሪንኮላ ስም ባይሰጠውም አምባ አራዳም የሚለው ስም ግን ተትቷል። ስም ይለወጣል ማለት ነው። የሬጆ ሰው ከፈለገ የራሱንም ይለውጥ፤ የሚከፋኝ እንዳይመስላችሁ።

እኔ ግን ያንን አልጠይቅም። ሚኒቲ ግራዚያኒ አይደለም። በእናንተ አቆጣጠር በ2012 አፊሌ የምትባል መንደር ለግራዚያኒ መታሰቢያ ስትሠራ በንዴት ያበደው ሰው ትክክል ነበር። የየካቲት 12ን ጭፍጨፋ ያዘዘ ሰው መታሰቢያ አይገባውም፣ አለቀ። ሚኒቲ በሌላ መዝገብ ነው። በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ፣ የታዘዘውን የሚሠራ የበታች መኮንን ነው። ወራሪ ጦር ውስጥ ነበር። ይህ አይፋቅም። ግን ሰው ነው፣ ሞቷል፣ የሚያስታውሰው አገር አለው። ስሙን አንስቶ መጣል ታሪኩንም አብሮ ይዞት ይሄዳል። ያኔ መልካ ዲዳም ሁለተኛ ትረሳለች። ስሙ ይቆይ፤ ግን ብቻውን አይቁም።

ስለ አብራሪዎች ካነሳሁ አንድ ሌላ ሰው ላስታውስ። ከሚኒቲ ጋር በአንድ ዓመት፣ በ1909 የተወለደ፣ በዚያው ጦርነት እዚሁ ሰማይ ላይ የበረረ ስዊድናዊ ነው። ኮንት ካርል ጉስታቭ ቮን ሮዘን ይባላል። የአክስቱ ባል ማን እንደነበረ ብነግራችሁ ትገረማላችሁ፤ ሄርማን ጎሪንግ ነው። ቮን ሮዘን ግን የመጣው የቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን ይዞ ነው። መድኃኒት ያደርሳል፣ ቁስለኛ ያነሳል። መጋቢት 8 ቀን 1928 ቆረም ላይ ፎከር አውሮፕላኑን የጣሊያን አውሮፕላኖች መሬት ላይ እንደቆመች አወደሟት። ቀይ መስቀሉ በግልጽ ይታይ ነበር።

ቮን ሮዘን መልአክ አልነበረም፤ እንዲመስላችሁም አልፈልግም። በእናንተ አቆጣጠር በ1940 ፊንላንድ ከሶቪየት ኅብረት ስትዋጋ የመንገደኛ አውሮፕላን ወደ ቦምብ ጣይነት ተለውጦ እሱ አብርሮታል። በእናንተው በ1969 ደግሞ ከናይጄሪያ ለመገንጠል ትዋጋ በነበረችው በቢያፍራ ትንንሽ አውሮፕላኖች ላይ ሮኬት አስጭኖ የናይጄሪያን አየር ማረፊያዎች መትቷል። ከናይጄሪያውያን ጋር ስለ እሱ ብናወራ ሌላ ታሪክ እንሰማለን። በእኛ በኩል ግን በእናንተ አቆጣጠር ከ1945 ጀምሮ አሥር ዓመት ያህል ቢሾፍቱ ተቀምጦ የኢትዮጵያን አየር ኃይል ያቋቋመና አብራሪ ያሠለጠነ ሰው ነው። በ1947 ሳፊር የምትባል ትንሽ አውሮፕላን ይዞ ከስቶክሆልም አዲስ አበባ ድረስ ሳያርፍ በርሯል። ከሠላሳ ሰዓት በላይ ነው! በ66ቱ ድርቅ ጊዜ ሽምግልናው ላይ ተመልሶ መጣ። ዝቅ ብሎ እየበረረ መኪና ለማይደርስላቸው መንደሮች እህል በከረጢት ይጥል ነበር። ሐምሌ 6 ቀን 1969፣ በእናንተ 1977፣ የሶማሊያ ጦርነት ሲፈነዳ ጎዴ ላይ ተገደለ። ጎዴ ኦጋዴን ነው። ሚኒቲም የሞተው ኦጋዴን ነው።

ይህን የማነሳው አንዱን ከሌላው ላወዳድር አይደለም። አብራሪን ማስታወስ ማለት የት በረረ፣ ለማን በረረ፣ ከክንፉ በታች ምን ነበረ የሚለውን አብሮ መናገር ማለት ነው። ቮን ሮዘንን የሚያስታውስ ሰው ቢያፍራን ቢደብቅ እታዘበዋለሁ። ሚኒቲንም የሚያስታውስ መልካ ዲዳን ሲዘል ያው ነው።

ከተማችሁ ይህን ማድረግ የማትችል ከተማ አይደለችም። እንዲያውም ከብዙዎች ትሻላለች። በእናንተ አቆጣጠር በ2016 ከሜዲትራኒያን የወጡ የስደተኞች አስከሬኖች በአርሞ ኮረብታ መቃብራችሁ አርፈዋል። ብዙዎቹ ስማቸው እንኳ አልታወቀም። ያንን የሠራ ሰው የማያውቀውን ሙት ማክበር ያውቅበታል። ከፕላካኒካ ብዙ የማትርቀው ሪያቼም አለች። ወጣቱ ተሰዶ ባዶ የቀሩ ቤቶቿን ከ1998 ጀምሮ ለስደተኛ ከፈተች። ከገቡባት ውስጥ ኤርትራዊ፣ ሶማሌ፣ ኢትዮጵያዊ ነበረበት። የሚኒቲ አውራጃ የኦጋዴንን ልጅ ልጆች አስጠግታለች ብል ማጋነን አይሆንም። ይህ በጎ ነገር ከማረፊያው ስም ጋር አብሮ አይሄድም። የሚጠጋጉት ስሙ ሙሉ ታሪኩን ሲያገኝ ነው።

የምጠይቀው ብዙ ወጪ የለውም። መንገደኛው በሚገባበት በር አጠገብ፣ ሰው ቆሞ ሊያነበው በሚችል ቁመት፣ አንድ የድንጋይ ወይም የነሐስ ጽሑፍ ይቀመጥ። በጣሊያንኛ፣ በአማርኛና በሶማልኛ ይጻፍ። ሶማልኛን ያልኩት ደጋሃቡርም መልካ ዲዳም የሶማሌ ሕዝብ ስለሚኖርበት ነው፤ በዚያ ጦርነት በሁለቱም ወገን ተሰልፎ የሞተ ሶማሌ ብዙ ነው። ቃሉን እናንተ ታሳምሩታላችሁ። እኔ የማስበው እንዲህ ያለ ነው፦

«ይህ አውሮፕላን ማረፊያ የሚጠራው ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረችበት ጦርነት ዲሴምበር 26 ቀን 1935 በኦጋዴን በሞተው በቲቶ ሚኒቲ ስም ነው። አብሮት ሊቪዮ ዛኖኒ ሞቷል። የሞታቸው ዜና ሰበብ ተደርጎ ዲሴምበር 30 ቀን 1935 የጣሊያን አውሮፕላኖች በመልካ ዲዳ የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታልን ደበደቡ። እዚያ ለሞቱት ኢትዮጵያውያን ቁስለኞችና ለጉናር ሉንድስትረም መታሰቢያ ይሁን።»

ይኸው ነው። ስድብ የለበትም። ሚኒቲን ነፍሰ ገዳይ አይልም። ዛኖኒንም ጨምሬዋለሁ፤ አብሮ ሞቶ ስሙ ከማረፊያው ስለቀረ ለእሱም ትንሽ አዝኛለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄ ለትምህርት ቤቶቻችሁ ነው። በየዓመቱ ዲሴምበር 28 የመሬት መንቀጥቀጡን ሙታን የምታስቡበት ሳምንት ነው። ዲሴምበር 26 እና 30 በዚያው ሳምንት ውስጥ ይወድቃሉ። አንድ የታሪክ መምህር ተማሪዎቹን ይዞ ወደ ማረፊያው ቢሄድ፣ ከላይ የጠቀስኳቸውን ቀኖች ጥቁር ሰሌዳ ላይ ቢጽፍላቸውና እንዲወያዩበት ቢተው ይበቃል። እዚህም ፈቃደኛ የሆነ ትምህርት ቤት ማግኘት አይከብድም። ልጆቹ በኢንተርኔት ይገናኙ፤ እነሱ ከእኛ ይሻላሉ።

ለእኛም ወቀሳ አለኝ። ከመካከላችን ስንቱ ነው መልካ ዲዳን የሚያውቀው? የካቲት 12ን እናስባለን፣ ማይጨውን እናነሳለን፤ ተገቢ ነው። ራስ ደስታንም እናውቃቸዋለን፤ በየካቲት 1929 ተይዘው መረሸናቸውን በትምህርት ቤት ተምረናል። በእሳቸው ካምፕ ዳር ድንኳን ውስጥ ተኝተው ስላለቁት ቁስለኞች ግን የሚጠይቅ ብዙ አይሰማም። ከየት የመጡ ገበሬዎች ነበሩ? ከሲዳሞ? ከቦረና? ከሐረር? ስማቸውን የያዘ የቤተሰብ ወረቀት፣ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ፣ አያት የሚያወሩት ታሪክ ሊኖር ይችላል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማህበር የተቋቋመው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ነው፤ ጦርነቱ ሊጀመር ሦስት ወር እንኳ ሳይቀረው። ጡት ሳይጥል ቦምብ ላይ የተጣለ ማህበር ነው። ይህን ሥራ እሱ ቢይዘው ደስ ይለኛል። ለማረፊያው ግድግዳ የምንሰጠው ስም ካለን፣ ጥያቄያችንም ክብደት ይኖረዋል። ሬጆ «ስማቸውን ላኩልን» ብትለን ምን ልንመልስ ነው?

በጣሊያን ለምትኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ አንድ አደራ። ይህን ደብዳቤ በጥሩ ጣሊያንኛ የሚመልስ ሰው ከመካከላችሁ አይጠፋም። ቃል በቃል አትተርጉሙት፤ ሐሳቡን ያዙ። ስታደርሱትም ጩኸት አያስፈልግም። በከተማው ምክር ቤት መዝገብ ቤት አስገቡት፣ ቁጥርና ማኅተም ተቀበሉ፣ ቅጂውን ያዙ። ቢሮ የትም ቢሮ ነው፤ ቁጥር የሌለው ደብዳቤ አልደረሰንም ይባላል።

መልሳችሁን በግልጽ ብታወጡት እመርጣለሁ። «አንቀበልም» ከሆነም ምክንያቱን እናንብበው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የአዲስ አበባ ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማህበር
በጣሊያን ለሚገኙ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰቦች
ለፕላካኒካ መንደር ነዋሪዎች